የበሰበሰው አለት

አባቴ የቤቱን መሠረት ሲያስቆፍር፣ በሥነ ምድር የተመረቀውን ታናሽ ወንድሜን አስጠርቶ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ። «የተማረ ልጅ እያለኝ ለምን በግምት እሠራለሁ?» አለ አፉን ሞልቶ።

ወንድሜ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ከአፈሩ ብቅ ያለውን ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ መታው። ድንጋዩ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው፤ አለት በምድር ሆድ ቀልጦ እንደሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚጠነክር፣ ውሃ በስንጥቁ እየገባ ብዙ ዘመን ቆይቶ አፈር እንደሚያደርገው ያስረዳ ጀመር። ሰዉ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔም እህቱ መሆኔን ለማያውቁት ሁሉ እየነገርኩ ነበር።

አባቴ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ፣ አጠገቡ ከቆምኩት ከእኔ በቀር ሰው ሳይሰማው «ጎን ጎኑንም ትንሽ እንቆፍር ይሆን?» ሲለው፣ ወንድሜ ወሬው እንዳይቋረጥበት በሹክሹክታ «አያስፈልግም አባዬ፣ ከሥር ሁሉም አለት ነው» ብሎት አለፈ።

ቤቱ አልቆ ክረምቱ ሲወጣ የሳሎኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ግንበኛው ሥሩን ሲቆፍር ጉዱ ወጣ። ያ ድንጋይ ብቻውን የተረፈ ድቡልቡል ኖሯል። በዙሪያው የነበረው አለት እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። እንግዲህ ይህንኑ በቃሉ ያስተማረን ወንድሜ ነው።

ጎረቤቶቹ እንደገና ተሰበሰቡ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዱ «ምሁሩን ምን ነካው?» ብሎ ሳይጨርስ አባቴ ቀደመው።

«እሱ ምን ያድርግ? ጎኑንም ቆፍሩ ብሎኝ ነበር። ግትርነቴን ታውቁት የለ፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ሰዉ በአባቴ ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ወንድሜ ፊቱ በርበሬ መስሎ ያንን ብስባሽ በመዳፉ ሲያሽ ቆየና፣

«ውሸት ነው» አለ። «እንቆፍር ያለው አባዬ ነው። አያስፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። በልቤ «እሰይ የኔ ወንድም» አልኩ፤ እፍረቱም የቀለለልኝ መስሎኝ ነበር፣ ዞር ብዬ አባቴን እስካይ ድረስ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ምንም ያልመሰለው ሰው አሁን አንገቱን ደፍቷል። በጎረቤት ፊት ልጁ ውሸታም አድርጎታል።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አለው ቀስ ብሎ። «ግድግዳውን እንደሆነ መልሼ እሠራው ነበር።»