ካቢናው ሳይደፋ

"ጠፋ" አለ ሾፌሩ ከላይ፣ ከመሪው ኋላ ሆኖ።

ሽቦ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። በጣቶቹ የያዘውን ወፍራም ገመድ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ገፋው።

"በራ።"

ወደ ታች ሳበው።

"ጠፋ። ሁለቱም ጠፉ፣ ጋሽ ሽቦ። አገኘኸው መሰለኝ።"

ሽቦ የሚለው ስም የወጣለት በሙያው ብቻ አይደለም፤ ቅጥነቱም ረድቶታል። ሃያ ስድስት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ እንዲህ ያለ ብልሽት ሲያገኝ ማፏጨት ልማዱ ነው። መጣሁ ሄድኩ የሚል ብልሽት ሲፈልጉት ይደበቃል፣ ሲተዉት ብቅ ይላል። ይህ አሮጌ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሦስት ጋራዥ ዞሯል። አምፖሉ፣ ፊውዙ፣ ማብሪያው ሁሉ ተቀይሯል። መንገድ ላይ የፊት መብራቱ ድርግም ይላል፤ ጋራዥ ሲገባ ግን እንደ ጨዋ ልጅ አደብ ገዝቶ ይበራል። ዛሬ ተይዟል። ሽቦ ግን አላፏጨም።

መኪናውን ያውቀዋል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አመሻሽ ላይ፣ በመንገድ ዳር የምትሄድ ሴት ገጭቶ ገድሏል። ያኔ የሚነዳው የሽቦ ጎረቤት ነበር፣ ግድግዳ የሚጋሩ። መብራቱ ድንገት ጠፋብኝ ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ፖሊስ መኪናውን ለምርመራ ያመጣው እዚሁ ጋራዥ ሲሆን የመረመረውም ሽቦ ነው። ካቢናውን ወደ ፊት ደፍቶ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈትሾ፣ መብራቱን ደጋግሞ አብርቶ አጥፍቶ፣ ምንም ጉድለት የለበትም ብሎ ፈረመ። ፍርድ ቤት ቀርቦም ይህንኑ ተናገረ። ይባስ ብሎ ዳኛው ሳይጠይቀው፣ እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል ብሎ ከራሱ ጨመረበት። ጎረቤቱ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

አሁን በጥፍሩ የገመዱን ስንጥቅ ላስቲክ ገለጥ አደረገው። ውስጡ ያሉት የመዳብ ክሮች ተበጥሰዋል፤ ጫፋቸው አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ትናንት የተበጠሰ አይደለም። ካቢናው ሲደፋ ገመዱ ይላላል፣ ክሮቹ ይነካካሉ፣ መብራቱ ይበራል። ካቢናው ወደ ቦታው ሲመለስ ገመዱ ይወጠራል፤ ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ክሮቹ ይለያያሉ። ካቢናውን ደፍቶ የሚፈልግ ሰው መቼም አያገኘውም። ዛሬም የተገኘው የካቢናው ማንሻ ፓምፕ አልሠራ ብሎ፣ ሽቦ እየተነጫነጨ ከሥር ስለገባ ነው።

ባለጋራዡ መጥቶ ጎንበስ አለ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ከካቢናው ወደ ሻንሲው የሚወርደው ገመድ ተበጥሷል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቀይረውና ይሂድ።"

"የቆየ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመትም ይኸው ነበር።"

ባለጋራዡ ቀና ብሎ ሾፌሩን ሻይ ጠጥቶ እንዲመለስ ሰደደው። ሽቦ ከሥር እስኪወጣ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የፈረምከው በዚህ ጋራዥ ማህተም ነው። ይሄ ከተሰማ አንተንም እኔንም ይዞን ይሄዳል። የሞተችው እንደሆነ አትነሳ።"

"የታሰረው ግን አልሞተም።"

"እሱም ሦስቱን ጨርሷል፣ በአመክሮ ይወጣል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ወንድሜ።"

ይህን ብሎ ወደ ቢሮው ሄደ። ሽቦ አዲስ ገመድ ከመደርደሪያው አውርዶ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ለመቀየር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አሮጌው ቆሻሻ መጣያ ከገባ ነገሩ አበቃ፤ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። የጎረቤቱ ሚስት ድሮ "ጋሼ፣ መሰላልህን አውሰኝ" እያለች ደጁን የምታንኳኳ ሴት ነበረች። ከፍርዱ ወዲህ ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እሱም በልቡ፣ ባሏ ላጠፋው እኔን ትቀየማለች እያለ ሲታዘባት ኖሯል። አፈረ። ሰው ሳያየው ፊቱ ጋለ።

ገመዱን ወደ መደርደሪያው መለሰው። ካቢናው ውስጥ ገብቶ የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ለጎረቤቱ ሚስት ስልክ ደወለ።

"ምን ፈለግክ?" አለችው።

"መኪናው እዚህ ነው። መብራቱን የሚያጠፋው ገመድ ተገኝቷል፤ አልነካሁትም። የባልሽን ጠበቃ ይዘሽ ነይ። ፖሊስ ሳያየው ከዚህ አይነቃነቅም።"

ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። አላለቀሰችም። ልጆቹን ስትጠራ ተሰማው።

"የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌዋለሁ" አለች። "ልጆቹ አጠገቤ ናቸው። አባታችሁ ተኝቶ ሰው ገደለ እየተባሉ ነው ያደጉት። ድገመውና ይስሙ።"

ባለጋራዡ ከቢሮው በር ላይ ቆሞ በእጁ ተው፣ ተው ይለዋል። ሽቦ ጀርባውን ሰጠው።

"ልጆች" አለ፣ "አባታችሁ አልተኛም ነበር። ተኝቷል ያልኩት እኔ ነኝ።"