ሃያ ጥይት፣ ሃያ ስድስት ቀዳዳ

ዴልበርት ራግስዴልን የሚያህል የፈረስ ጫኝ ሹፌር ኬንተኪ አልወለደችም፤ ወደፊትም የምትወልድ አይመስልም። ሆዱ ከእሱ ሁለት እርምጃ ቀድሞ በር ይገባል፤ ሳቁ ሦስት ካውንቲ ያቋርጣል፤ ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲነዳ በመርፌ ቀዳዳ ያሾልከዋል። እንዲህ ያለው ጀግና ነው እንግዲህ በየካቲት ቅዳሜ ጠዋት፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እርሳስ ጨብጦ ወይዘሮ ለርሊን ሃስኪው ፊት የተቀመጠው።

ወዶ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የከባድ መኪና ማረፊያ ላይ ሁለት ሌቦች ከመሪው ጋር አስረውት ሄደዋል፤ እሱ ሲያወራው ሰባት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ዊልማ፣ "ያለ ሽጉጥ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም!" ብላለች። ዊልማ አንዴ ካለች ደግሞ የኦሃዮ ወንዝ ወደ ኋላ ይፈሳል እንጂ እሷ አትመለስም። የፈረሶቹ ባለቤት አቶ ክሊፍተን ብራሺር በበኩላቸው ባለፈው ሳምንት ጠርተውት፣ "ዴልበርት፣ የሚያዝያው የሚሺጋን ጉዞ ያንተ ነው። ግን ሽጉጥህን ያለ ፈቃድ ይዘህ ብትሻገር፣ አንተን እስር ቤት፣ ፈረሶቼን አስፋልት ዳር ነው የማገኛችሁ። ሰኞ ጠዋት የሽጉጥ ፈቃድ ስልጠና ማስረጃ ካላሳየኸኝ ለሌላ ሹፌር እሰጠዋለሁ" አሉት። የሚሺጋን ጉዞ ከቀረበት የዓመቱ እንጀራ ቀረ ማለት ነው።

የስልጠናው አስተማሪ ወይዘሮ ለርሊን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳውን በረዳት ሸሪፍነት የጨረሱት፣ ቁመታቸው ከዴልበርት ቀበቶ ብዙም የማያልፍ፣ ዓይናቸው ግን ግድግዳ የሚበሳ ሴት ናቸው። ከሚያስተምሩበት የተኩስ መለማመጃ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ካርታ ሰቅለዋል። የኬንተኪን ፈቃድ የሚያከብሩትን ግዛቶች አረንጓዴ፣ የማያከብሩትን ቀይ ቀብተዋል።

"ወይዘሮ ለርሊን፣" አለ ዴልበርት ገና ሳይጀምሩ፣ "አይቆጡኝና፣ ኬንተኪ ያለ ፈቃድ ታጠቅ ብላኛለች። ታዲያ ይሄ ሁሉ እርሳስና ወረቀት ለምንድነው?"

"ኬንተኪ ብላሃለች። ሚሺጋንስ ብላሃለች?"

"መንጃ ፈቃዴ እኮ በሃምሳውም ይሠራል!"

"ሽጉጥህ ጎማ ካለው በመንጃ ፈቃድህ ንዳው።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ፈገግም አላሉ። "ስማኝ ልጄ። ያለ ፈቃድ መታጠቅህ የዚህ ግዛት ሕግ ነው፤ ድንበሩ ላይ ያልቃል። ሚሺጋን የምታከብረው የኬንተኪ ነዋሪ የያዘውን የኬንተኪ ፈቃድ ነው። ይቺን ቀይ፣ ኢሊኖይን፣ ታያታለህ? እዚያ ፈቃድህም አይሠራልህም። ከኦሃዮ ወንዝ ድልድይ በፊት ትቆማለህ፣ ጥይቱን ታወጣለህ፣ ሽጉጡን ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለህ።"

ዴልበርት ለሃያ ዓመት ያንን ድልድይ ሲሻገር ቆሞ አያውቅም ነበር። ያለፉትን ሁለት ዓመት ደግሞ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ተኩሱ ሲገቡ ልቡ ተመለሰ። ሕጉ የሚጠይቀው ከሰባት ያርድ፣ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ርቀት ላይ ያለውን የሰው ቅርጽ ወረቀት ከሃያ ጥይት በአስራ አንዱ መምታት ነው። ወይዘሮ ለርሊን ለሁሉም ሃምሃምሳ ጥይት አምጡ ብለው ነበር። ዴልበርት ያመጣው ልክ ሃያ ነው።

"ሌላውስ?" አሉት።

"ለእኔ ሃያውም ይበዛል። ዘጠኙን ለመታሰቢያ ልወስደው ነበር።"

በግራው በኩል የቆመችው ኦዴሳ ፔቲግሩ ሳቋን ዋጠች። ኦዴሳ በየገጠሩ እየዞረች በሽተኞችን ቤታቸው የምታክም፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ነርስ ናት። የያዘችው ሽጉጥ ዘጠኝ ሚሊ ነው፤ መዳፏ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

"እህቴ፣" አላት ዴልበርት የራሱን ባለ ትልቅ ጥይት አርባ አምስት እንደ መድፍ እያሳያት፣ "ይሄ ያንቺው ጥርስ መፋቂያ ነው ወይስ ይተኩሳል?"

"አንተ ብቻ ወሬህን ሳትጨርስ ጥይትህ እንዳያልቅ ወንድሜ።"

መነጽር ተደረገ፣ ጆሮ ተሸፈነ፣ ተኩሱ ተጀመረ። የዴልበርት ሽጉጥ ሲጮኽ ጣሪያው ዘለለ፣ አቧራው ከ1950 ጀምሮ ከተኛበት ተነሳ፣ በአምስት ማይል ዙሪያ ያሉ ውሾች አልጋ ሥር ገቡ። ሁለቱንም ዓይኑን እንደ በሬ አፍጥጦ ነው የሚተኩሰው። በጠመንጃ አጋዘን ሲያድን አንዱን ይጨፍናል፤ በሽጉጥ ግን ዓይን መጨፈን ለእሱ የፈሪ ሥራ ነው።

ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ወይዘሮ ለርሊን የኦዴሳን አንስተው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። መነጽራቸውን ጠርገው ሦስተኛ ቆጠሩ።

"ኦዴሳ፣ ስንት ተኮስሽ?"

"ሃያ።"

"ሃያ ስድስት ቀዳዳ አለብሽ።"

ወይዘሮ ለርሊን ጣታቸውን በቀዳዳዎቹ ላይ አስኬዱ። "አስራ ዘጠኙ ትንንሽ ናቸው፤ ያንቺ ናቸው፣ አልፈሻል። ሰባቱ ግን ትልልቅ ናቸው። ዛሬ እዚህ ቤት አርባ አምስት የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነው።" ከዚያ የዴልበርትን ወረቀት ብድግ አደረጉ። ስምንት። የቀሩት አምስቱ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ዴልበርት በሕይወቱ ፊቱ እንዲህ ቀልቶ አያውቅም፤ መብራት ቢያጠፉ ክፍሉን ያበራ ነበር። ቢሆንም ምላሱ አልሞተችም። "ስምንትና ሰባት አስራ አምስት! አልፌያለሁ!"

ወይዘሮ ለርሊን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰባቱ የኦዴሳ ሰው ደረት ላይ ናቸው። መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ሌባው ቆሞ፣ አጠገቡ ያለችውን ሴት ነበር የገደልካት።"

ዴልበርት ወረቀቱን አየ። ከዚያ ኦዴሳን አየ። ሚያዝያም፣ ሚሺጋንም፣ አቶ ብራሺርም ለአፍታ ከአእምሮው ጠፉ። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ ወንበሩ አቃሰተ።

"ሽጉጡን ከገዛህ ወዲህ ስንቴ ተኩሰሃል? እውነቱን።"

"ሁለቴ" አለ። ሁለት መቶ ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ አልወጣ አለው።

"እሺ፣ ተነስ። ሁለቱን እጆችህን ወደ ፊት ዘርጋ፣ በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ አበጅና በእሷ ውስጥ ያንን ሰዓት እይ። አየኸው? አሁን የግራ ዓይንህን ጨፍን።"

"ሰዓቱ ጠፋ!"

"የቀኙን ጨፍን።"

"ተመለሰ! ወይዘሮ ለርሊን፣ ሰዓቱ ምን ሆኖ ነው?"

"ሰዓቱ ምንም አልሆነም። በቀኝ እጅህ ትተኩሳለህ፣ አለቃው ግን የግራ ዓይንህ ነው። ሁለቱንም ስትከፍት እጅህ አንዱን ያነጣጥራል፣ ዓይንህ ሌላውን ያያል። አጋዘን ስታድን አንዱን ስለምትጨፍን አልታወቀህም። ስንፍና አይደለም፣ አፈጣጠርህ ነው። የማትመከር መሆንህ ነው ስንፍናው።" ወደ ተኩሱ የሚያስገባውን በር አሳዩት። "በእኔ ቤት አንድ ጊዜ ድጋሚ እፈቅዳለሁ። ጥይት አለህ?"

የለውም። አርባ አምስት የያዘ ሌላ ሰው የለም። የተኩስ ቤቱ ሱቅ የአርባ አምስት ጥይት ጨርሷል፤ ሰኞ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። ዴልበርት አንገቱን ደፍቶ ኮፍያውን ማሽከርከር ጀመረ።

"ና፣" አለች ኦዴሳ። የተረፋትን የጥይት ሳጥን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፤ ሽጉጧን አጠገቡ። "ሠላሳ ተርፎኛል። ሃያውን ውሰድ።"

"ያንቺን ዒላማ ወንፊት አድርጌው?"

"ወረቀት ነው። እኔ ደህና ነኝ።" ከሥራ ቦርሳዋ የቁስል ፕላስተር አውጥታ ቀደደችና የመነጽሩን ግራ መስተዋት ሸፈነችለት። "አሁን አለቃውን አሳርፈነዋል። ትንፋሽህን ቀስ አድርግ። ቃታውን አትንጠቀው፣ ቀስ ብለህ ሳበው እንጂ። ሽጉጡን ደግሞ እንዲህ አንቀህ የያዝከው ለምንድነው?"

"ርቦኛል።"

"እሺ፣ ርቦሃል" አለች፤ አላመነችውም፣ አላጋለጠችውምም።

ጥርስ መፋቂያዋ በዴልበርት መዳፍ ውስጥ የአሻንጉሊት ያህል ነበረች። አንድ ተኮሰ። ጣሪያው አልዘለለም፣ ውሻም አልሸሸ። ሁለት። ሦስት። በየመሃሉ ክንዱን አውርዶ ይተነፍሳል። ወይዘሮ ለርሊን ከኋላው፣ "አትቸኩል፣ ጸሐይ የምትጠልቀው ለሁሉም እኩል ነው" ይሉታል። ሃያውን ለመጨረስ የወሰደበት ጊዜ ከሉዊቪል ዲትሮይት ያደርስ ነበር።

ወረቀቱ መጣ። ወይዘሮ ለርሊን ጮክ ብለው ቆጠሩ። ዘጠኝ ላይ ደርሰው ሳል ሲይዛቸው ዴልበርት ነፍሱ በኮሌታው ልትወጣ ደረሰች።

"አስር... አስራ አንድ..." እርሳሳቸውን አነሱ። "አስራ ሦስት። ሁሉም በራስህ ሰው ላይ።"

የሚያውቁት ሁሉ ይህንን አያምኑም፣ ነገር ግን ዴልበርት አልፎከረም። ከዚያ ሽጉጧን ጥይት እንደሌለባት አረጋግጦ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው አዙሮ፣ እንደተማረው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠላት።

"ኦዴሳ፣" አለ ኮፍያውን አውልቆ፣ "እኔ ሰው ማመስገን አላውቅበትም። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ወይዘሮ ለርሊን፣ እርስዎንም። ሰው ከመግደል ነው ያዳናችሁኝ፤ ጉዞው ምራቂ ነው።"

"ያችን ዓይንህን ጨፍነህ በየሳምንቱ መጥተህ ተለማመድ፣" አሉት ወይዘሮ ለርሊን ማስረጃውን እየፈረሙ፣ "ምስጋናህ እሱ ይሁን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሸሪፉ ቢሮ ሄደህ አመልክት። ፈቃዱ ለሚያዝያ ይደርስልሃል።"

መኪናው ውስጥ ገብቶ አቶ ብራሺር ጋ ደወለ። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶታል።

"አለፍክ?"

"አለፍኩ።"

"ስንት መታህ?"

ሃያ የሚለው ቃል ጥርሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። በመስኮቱ ኦዴሳ ጎርበጥባጣ መኪናዋን አስነስታ፣ እጇን አውለብልባለት ስትወጣ አየ።

"አስራ ሦስት። በሁለተኛው ሙከራ። በሰው ሽጉጥ፣ በሰው ጥይት፣ በሰው ፕላስተር።"

"ዴልበርት፣ ታመሃል?"

"ደህና ነኝ ጌታዬ። እንደዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም።"

"እንግዲያው ሰኞ ወረቀቱን ይዘህ ና። የሚሺጋኑ ጉዞ ያንተ ነው፤ ምርጧን ቀይ ባዝራዬንም አንተ ነህ የምትጭናት።"

ዴልበርት ስልኩን ዘግቶ እየዘፈነ ወደ ቤቱ ነዳ። ዊልማ በር ላይ ስንት እንደመታ ስትጠይቀው አስራ አምስት አላት፤ ለእሱ ይህ ከትሕትና ሁሉ የሚበልጥ ትሕትና ነበር።