የመዳቡ ቱቦ

መርሳ ላይ ሰው ሲሞት ከሬሳው በፊት ምክንያቱ ይወጣል። የኤርሚያስም ምክንያት የተነገረው አስከሬኑ ገና ከድልብ ቁልቁለት ሳይነሳ ነው። «ፍሬን እምቢ አለው» ተባለ፣ አለቀ። ያን ቃል ያወራ ሁሉ ክፉ አላሰበም። ወሬው በተነሳ ቁጥር ግን ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ይደፉ ነበር፤ አንዷ የሟቹ እናት እትዬ ደብሪቱ፣ ሌላው የጋራዡ ባለቤት ኢዘዲን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርሚያስ አባቱ ከጨረታ ገዝቶ ባወረሰው አሮጌ ላንድሮቨር ከሐብሩ ብርቱካንና ፓፓያ እየጫነ ወደ ደጋው ያመላልስ ነበር። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠዋለች። የፊቱም የኋላውም ፍሬኗ በአንድ መስመር የሚታዘዝ የድሮ ሥሪት ስለሆነች፣ ያ መስመር ከተበሳ የሚቀረው ፍሬን ጸሎት ብቻ ነው። በክረምቱ መግቢያ የብረት ቱቦዋ ዝጎ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረና ኢዘዲን ዘንድ መጣች። «ልኳ የሆነው ቱቦ ከደሴ እስኪመጣ አትነዳም» አለ ኢዘዲን፤ ኤርሚያስም እሺ አለ። በዚያው ዕለት ግን የእትዬ ደብሪቱ እህት ባል ሳንቃ ላይ ማረፉ ተሰማ።

ለቅሶ መቅረት ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም። ሠርግ ብትቀር ይቅርታ አለው፤ ቀብር ብትቀር ግን በራስህ ቀብር ላይ ይታሰብብሃል። እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ ኢዘዲን፣ እህቴ ወገቧን አስራ እየጠበቀችኝ ዛሬ ብቀር በምን አፌ ነው ኋላ የማናግራት? ያለህን ግጠምለት።»

ያለው መዳብ ነበር፤ ለፍሪጅ የሚሆን ለስላሳ ቱቦ። መዳብ የፍሬንን ግፊት ለዕለቱ ቢችል እያደር እንደሚከዳ ኢዘዲን ያውቃል። እያወቀ፣ የእናት እንባ አሸንፎት፣ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ገጠመው። ነገ ይቀየራል የተባለው ቱቦ ሳይቀየር ክረምቱ አለቀ። መስቀል ሲቃረብ ኤርሚያስ በዚያችው መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሞተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህኛው ግን የሚለቀም አልነበረም።

መኪናዋ ወልድያ ፖሊስ ግቢ በፀሐይ ስትጠበስ ከርማ በኅዳር ተለቀቀች። የእትዬ ደብሪቱ ወንድም ወንዳወቅ አስጎትቶ ኢዘዲን ጋራዥ አስገባት። ጣሪያዋ ተደፍጥጧል፣ አንድ ጎኗ ገብቷል፣ ሆዷ ግን ደህና ነው።

«እህቴ ነገ ትመጣለች» አለ ወንዳወቅ። «የፍሬኑን ቱቦ ራሴ ካልመረጥኩ አይገጠምም ብላለች። እንግዲህ የምነዳት እኔ ነኝ፤ እሷ ካመነችው እኔም አምነዋለሁ።»

ወንዳወቅ ሲሄድ ኢዘዲን አላስቻለውም። ስንት ጊዜ ለሶላት ሲቆም ያ መዳብ ፊቱ ላይ ድቅን እያለ ሲያስተው ከርሟል። መኪናዋ ስትገለበጥ የፈሰሰውን የፍሬን ዘይት ተካ። ፔዳሉን ደጋግሞ ከረገጠ በኋላ በመቀመጫውና በፔዳሉ መካከል እንጨት ወትፎ እንደተረገጠ አቆመው። ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባና ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁ ደረቅ ወጣ። ጫፎቹን የሚይዙትን ዳዶዎች ዳሰሰ፤ እነሱም ደርቀዋል። መኪናዋን በክሪክ እያነሳ ጎማዎቹን ሊያሽከረክር ታገለ፤ አንዱም ንቅንቅ አላለለትም።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። እንደተጋደመ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። እሱ አልገደለውም፤ እትዬ ደብሪቱም አልገደሉትም።

ደስታው ግን ከመኪናዋ ሥር እስኪወጣ እንኳ አልቆየለትም። ፍሬኑ ደህና ከነበረ አስፋልቱ ላይ የጎማ ምልክት የጠፋው ለምንድን ነው? ፍሬን እምቢ አለው የተባለውም እኮ ፍሬን የተያዘበት ምልክት ስላልተገኘ ነበር። ኢዘዲን የኤርሚያስን የመጨረሻ ሰሞን አስታወሰ። ሚስቱ መቅደላ በወሊድ ከነልጇ ከሞተች ወዲህ ልጁ ሳቅ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ሊሞት ሰሞን ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን አምጥቶ «አንተ ተጠቀምበት፣ እኔ አልፈልገውም» ብሎት ሄዷል። ድልብን የሚወጣ ሾፌር ትርፍ ጎማውን አይሰጥም። ኢዘዲን ያኔ ሥራ ላይ ስለነበር ለምን ብሎ አልጠየቀውም፤ አሁን ግን ገባው። ኤርሚያስ ፍሬኑን አልረገጠውም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህን የተናገረው ሰው ሲነጋ ምን እንዳየ ግን አልነገረንም። ኢዘዲን መዳቡን ፈትቶ ጠቀለለና ከመሣሪያ ሳጥኑ ኋላ ወሸቀው።

እትዬ ደብሪቱ በማግስቱ መጡ። ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፤ ሲቀመጡ እንኳ ወንበሩን እስኪያገኙት በእጃቸው ፈለጉት። ኢዘዲን ሁለት ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረላቸው።

«ይኼ ከሌላ ላንድሮቨር የተፈታ ነው፤ ልኳ ነው፣ ፋብሪካ ራሱ ያጠፈው። ውስጡን ዝገት ይብላው አይብላው ግን የሚያይ ዓይን የለም። ያኛው አዲስ ብረት ነው። እኔ ነኝ ቆርጬ የማጥፈው።»

ያገለገለውን አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «የማን መኪና ነበር? ሾፌሩ ምን ሆነ?»

«አላውቅም እትዬ። ወልድያ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ነው ያገኘሁት።»

ቱቦውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡትና አዲሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ይኼ ይሁን። አሁን ደግሞ ያን፣ ፊት ያስገጠምኩህን አሳየኝ።»

ኢዘዲን የተጠቀለለውን መዳብ አውጥቶ ፊታቸው አኖረው፤ ያልሰጣቸው እንደሆነ የባሰ ይጠረጥራሉ። አልነኩትም።

«በሰፈሩ የሚወራው ደርሶሃል» አሉ። «ሆን ብሎ ነው ማለት ጀምረዋል። የነፍስ አባቴም ስለ ተዝካሩ ሳነሳባቸው ይቆይ ይላሉ። በራሱ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ፍትሐት የለውማ። ያንተ ዓይን ያውቃል፣ ንገረኝ። ቱቦው ተበስቶ ከሆነ አስቸኩዬ ልጄን የበላሁት እኔ ነኝ። ይሁን፣ እኔ እችለዋለሁ። ያልተበሳ እንደሆነ ግን...»

ኢዘዲን ተበስቷል ቢላቸው እናትን መግደል ነው፤ አልተበሳም ብሎ ዝም ቢል ልጁን ዳግመኛ መግደል ነው። በመካከል የቀረ ሰው ቢኖር እሱ ራሱ ብቻ ነበር።

«ቱቦው አልተበሳም» አለ።

እትዬ ደብሪቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጡ።

«አንቱ ያስገጠሙኝ ቱቦ ምንም አልሆነ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዳዶውን በደንብ አላጠበቅሁትም፤ እያደር ላልቶ ዘይቱ አልቆ ነው ያገኘሁት። ኤርሚያስ ረግጦታል እትዬ። ባለ በሌለ ጉልበቱ ረግጦታል፤ ፍሬኑ ነው ያልመለሰለት።»

ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ወላሂ በል።»

ኢዘዲን በሥራው ቢጣላ፣ በዋጋ ቢከራከር፣ ያችን ቃል ለውሸት አውጥቷት አያውቅም።

«ወላሂ» አለ።

እትዬ ደብሪቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ልጄስ መኖር ፈልጎ ነበር» አሉ ለራሳቸው፤ ደጋገሙት። ነጠላውን ሲገልጡት ፊታቸው ላይ ለወራት ያልታየ ዕረፍት ነበር፣ ኢዘዲንም ያን ሲያይ ጥሩ እንዳደረገ አመነ። የሠራው ሥራ ግን ወዲያው ዋጋውን መጠየቅ ጀመረ።

«እሑድ ሰፈርተኛው ለቀብር ማኅበሩ ለቅሬው ሲሰበሰብ ይህንኑ ተነስተህ ትናገራለህ። የነፍስ አባቴንም አመጣቸዋለሁ፤ በጆሯቸው ይስሙ።»

«እናገራለሁ።»

«ካሣ አልልህም፣ አልከስህም። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ።»

«አሚን» አለ። ዳዶ ሳያጠብቅ ሰው ገደለ ለሚባል መካኒክ መርሳ ላይ ማን መኪናውን ይሰጠዋል? ለሚስቱ ለሀፍሳስ ምን ይላታል? ለእሷም እንኳ እውነቱን ሊነግራት አይችልም፤ የአንድ ሰው ጆሮ ከደረሰ ቅሬው ጆሮ ደረሰ ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተነሳና አዲሱን ቱቦ ለክቶ ሊያጥፈው እጁን ዘረጋ።

እትዬ ደብሪቱ ቀደሙት። ቱቦውን አንስተው ደረታቸው ላይ ያዙት። ቁጣ የለባቸውም፤ ድምፃቸው እንዲያውም ለስልሶ ነበር።

«አንተ ተወው ልጄ። ወንዳወቅ ወልድያ ያስጎትታታል። እዚያ እጁ የሚታመን መካኒክ ታውቃለህ?»

ኢዘዲን ትንሽ አሰበ። «ጎንደር በር የአብዱልሐሊም ጋራዥ አለ» አላቸው።

«ዳዶ ያጠብቃል?»

«ከእኔ ይሻላል» አለ ኢዘዲን።