ባትሪው በማን እጅ ነው

«ለጥሩ እንቅልፍ በመጀመሪያ መኝታ ቤታችሁ ጨለማ፣ ጸጥ ያለና ንጹሕ መሆን አለበት» አለችን ልጅቷ።

መኝታ ቤታችሁ! ዙሪያዬን አየሁ። የተቀመጥነው ደብረ ብርሃን ዳር፣ ነፋስ በሚገርፈው ሜዳ ላይ ከቆሙት የቆርቆሮ መጠለያዎች በአንዱ ውስጥ ነው። መጠለያው በሸራ ተከፋፍሎ በየክፍልፋዩ አንድ አንድ ቤተሰብ ይኖራል። የዚያኛው ሕፃን ሲያስል የዚህኛው እናት ትነሣለች። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጠለያው በሙሉ ይሰማል፤ ሲታረቁም ይሰማል። ልጅቷ የመጣችው ተፈናቃዮቹ እንቅልፍ አጥተዋል ተብሎ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ነው።

«አልጋችሁን ለመኝታ ብቻ ተጠቀሙበት። አልጋ ላይ አትብሉ» ስትል እጄን አወጣሁ።

«እህቴ፣ አልጋ የለንም። አንድ ፍራሽ ነው ያለን። እሱ ላይ እንተኛለን፣ እሱ ላይ እንበላለን፣ ልጄ ምስራቅ እሱ ላይ ታጠናለች፣ እንግዳም ቢመጣ እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው። የቱን ላስቀር?»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ ከንፈሯ በብርድ ደርቋል። ክፉ ሰው አይደለችም፣ አስተምሪ ተብላ የመጣች ናት። ግን ያን ቀን ንዴቴን የማወርድበት ሌላ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

የሚያቃጥለኝ የባሌ የምህረቱ ነገር ነው። ከወለጋ ተፈናቅለን እዚህ ከደረስን ጀምሮ ሌሊት አይተኛም። ሲመሽ ባትሪውን ይይዛል፣ ጋቢውን ይከናነባል፣ መጠለያው በር ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴ ይነሣና በሸራዎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ እስከ ዳር ሄዶ ይመለሳል። ሲነጋ ትንሽ ያንጎላጅና ወደ ቀን ሥራው ይሄዳል። ሥራው ፎቅ በሚሠራበት ቦታ ብሎኬት መሸከም ነው። በቀደም ሦስተኛው ፎቅ ጋ መወጣጫው እንጨት ላይ እንደቆመ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ብሎኬቱ ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ። አጠገቡ የነበረው ሠራተኛ በቀበቶው ለቀም ባያደርገው ኖሮ እሱም ይከተል ነበር።

ፎርማኑ ገዛኸኝ በዚያው ቀን አሰናበተው። «ምህረቱ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ። ግን ሬሳህን ለሚስትህ አላስረክብም። ተኝተህ ና» አለው።

ተኝተህ ና! እንቅልፍ ከሱቅ የሚገዛ ይመስል! የእርዳታው ስንዴ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል፤ የምንበላው በምህረቱ ጉልበት ነው። ደግሞ ባሌን አውቀዋለሁ። ገዛኸኝ ባይቀበለው ሌላ ፎቅ ፈልጎ ይወጣል። እዚያስ በቀበቶው ማን ይይዘዋል?

መድኃኒት ፍለጋ ተነሣሁ። ለካ በዚህ አገር ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዷ «ትኩስ ወተት በማር አጠጪው» አለችኝ፤ ላሞቼን የት ትቼ እንደመጣሁ እያወቀች። ሌላዋ ጤና አዳም ቀቅለሽ ስጪው አለች፤ ቀቀልኩ፣ ጠጣ፣ አልተኛም። እግሩን በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፊለት ተባልኩ። ሳፋ ተውሼ ዘፈዘፍኩለት። እግሩን ሳፋ ውስጥ ከትቶ፣ ባትሪውን በእጁ ይዞ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሩን ሲያይ አመሸ።

ፋርማሲ ሄድኩ፤ ያለ ሐኪም ወረቀት የእንቅልፍ መድኃኒት አንሸጥም አሉኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ሐኪሙ «ምን ያስጨንቀዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ያስጨንቀዋል! ከየት እንደመጣን ካርዱ ላይ ጽፎታል እኮ። ሲጨርስ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይያዝለት አለኝ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ምህረቱ ከስንት ፎቅ ወድቆ እንደሚጠብቀው እንጃ። በመጨረሻ አንኮበር ወርደን ጠበል ተጠመቀ። ጠበሉን አላማም፣ አፌን ይቁረጠው። ግን በዚያ ጉም፣ በዚያ ማለዳ፣ ውሃው ሲወርድበት እንኳን ሊተኛ ዓይኑ ከበፊቱ ብሶ ፈጠጠ።

ያገኘው ሁሉ «ተኛ እንጂ!» ይለዋል። እኔም እለዋለሁ። ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

የጎረቤቶቼ ደግሞ ባሰ። በቀኝ በኩል ካለው ሸራ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ጠዋት ጠዋት ሰላምታቸው ይኼው ነው። «በሰለች፣ ያ የባልሽ ባትሪ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው! ሌሊቱን ሙሉ ይንጎራደዳል። ሰው ይተኛበት እንጂ!» በግራ ያለችው እትዬ የውብዳር ደግሞ «ለጤናው አይመስለኝም» እያለች ለውሃ ወረፋ የቆመውን ሁሉ ታማክራለች። አንድ ቀን ማታ የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ እጇን አሾለከች። መዳፏ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን አለ።

«የአማቴ ነው፣ ነፍሷን ይማር። ግማሹን ብቻ ብትሰጪው እስከ ረፋድ አይነቃም። እሱም ይረፍ፣ እኛም እንረፍ» አለችኝ።

ግማሹን በማንኪያ ደቁሼ ሽሮው ውስጥ ጨመርኩት። ያ መወጣጫ እንጨት ከፊቴ አልሄድ አለኝ።

«ዛሬ ሽሮሽ ይመራል» አለ ምህረቱ።

«አብሽ በዝቶበት ይሆናል» አልኩት።

ጨርሶ በላ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ ከበደ። ባትሪውን ይዞ ሊነሣ ሞከረ፣ ጉልበቱ እምቢ አለው። ባትሪውን ከጣቶቹ መሐል ፈልቅቄ ከራስጌው አስቀመጥኩና ጋቢውን አለበስኩት። ተኛ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ጀርባውን ተደግፌ ተኛሁ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጭቅጭቅ ነው። ስወጣ ቧንቧው ጋ ሴቶቹ በጄሪካን ሊፈነካከቱ ደርሰዋል። ልጆቹ ይነጫነጫሉ። የሁሉም ዓይን ደም መስሏል። እትዬ የውብዳር ፊቷ አብጦ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ምነው እትዬ የውብዳር፣ አመመሽ እንዴ?»

«ተይኝ እባክሽ፣ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። ውሻው ይጮሃል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ልጆቹን ታቅፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ።»

ጋሽ ወልደተንሣኤ ከኋላዬ መጡ። «ባልሽ የት ሄዶ ነው?»

«የትም አልሄደም። ተኛልኝ!» አልኩ፣ ደስታዬ በፊቴ ሞልቶ።

«ተኛ? በሩን ባዶ ትቶ?» ብለው ጮኹብኝ። «እኔ እኮ መጥረቢያዬን ታቅፌ ነው ያደርኩት! ያ ብርሃን በሩ ላይ ከሌለ ማን ዓይኑን ይከድናል? ቢያንስ አይነገረንም?»

ዓይኔን ያጠፋል ያሉት ባትሪ! ሰው ይተኛበት ያሉት ሽማግሌ! ወደ ማንም ብዞር ሁሉም ይኸንኑ ያወራል። ለካ መጠለያው በሙሉ ሲያንኮራፋ የከረመው ምህረቱ በሩ ላይ ስላለ ነው። ማታ ማታ በእሱ ዓይን ይተኛሉ፣ ጠዋት ጠዋት እሱን እብድ ይላሉ! ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

አፌን ስከፍት ከውስጥ የምህረቱ ድምፅ መጣ። ሮጬ ገባሁ። ተንበርክኮ ፍራሹን በእጁ ይዳብሳል።

«ባትሪው የት ነው? ምን አብልተሽኝ ነው?»

«የእንቅልፍ መድኃኒት። እኔ ነኝ። ከፎቅ ከምትወድቅብኝ ብዬ ነው።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝግ ብሎ «አንቺም እንደዚያ ሰውዬ?» አለኝ።

የትኛውን ሰውዬ እንደሚል አውቄዋለሁ። ወለጋ ሳለን፣ በዚያ በመጨረሻው ምሽት፣ አንድ ኃላፊ ነኝ ባይ በየቤታችን እየዞረ «ጥበቃ ተመድቧል፣ ተረጋግታችሁ ተኙ» ብሎን ሄደ። መንደሩ አምኖ ተኛ። ምህረቱ ብቻ አልተኛም፤ በቆሎው ደርሶ ስለነበር ከርከሮ ሊጠብቅ ማማው ላይ ወጥቷል። ታጣቂዎቹ ሲመጡ ያየ እሱ ነው። ዘሎ ወርዶ የደረሰበትን በር ሁሉ በባትሪው እየደበደበ ቀሰቀሰ። ዛሬ እዚህ መጠለያ ውስጥ ያሉት የደረሰባቸው በሮች ናቸው። ስላልደረሰባቸው አልናገርም።

«ተኙ ያለን ሰው ነው የጨረሰን» አለ ምህረቱ። «እዚህም ያገኘኝ ሁሉ ተኛ ይለኛል። ሐኪሙም ተኛ፣ ፎርማኑም ተኛ፣ አንቺም ተኛ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ‹እኔ ልንቃልህ› ያለኝ አለ? እኔና አንቺ ማማው ላይ እንዲህ ነበርን?»

እንዲህ አልነበርንም። በቆሎውን የምንጠብቀው ተራ ገብተን ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ወደ ማማው ወጥቼ እጄን እዘረጋለሁ። ባትሪውን መዳፌ ላይ ያስቀምጥና ጣቶቼን በራሱ እጅ አጥፎ ያስጨብጠኛል። እንደዚያ ካላደረገ አይወርድም። ከወረደ ግን ከማማው ሥር እንደተቆረጠ ግንድ ነው የሚተኛው። ለእሱ እንቅልፍ ማለት ይህ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ወተትና ጨው ስፈልግ ኖሬአለሁ! ያን ጊዜ በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

ባትሪውን ከራስጌው አንሥቼ ወጣሁ። መተላለፊያው መሐል ቆሜ ቆርቆሮውን በባትሪው ደበደብኩት።

«ስሙኝ! ባሌ እብድ አይደለም። ጠባቂያችሁ ነው። የቀጠረው ግን የለም! ቀን ብሎኬት ይሸከማል፣ ሌሊት እናንተን ይሸከማል። እናንተ በእሱ ዓይን እየተኛችሁ ጠበል ውሰጂው ትሉኛላችሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ተራ እንገባለን። ሰው የገባ እንደሆነ ተረኛው ባትሪውን ያብራ፣ ይጩህ፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቃችሁ የለም። የማይገባ ካለ ባሌን በር ላይ አያገኘውም። እኔ ራሴ እግሩን አስሬ አስተኛዋለሁ!»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ብርድ...» ብለው ጀመሩ ጋሽ ወልደተንሣኤ።

«መጥረቢያ ታቅፈው ያደሩ ሰው ባትሪ መያዝ አያቅትዎትም!»

«እኔ እኮ ሴት ነኝ» አለች እትዬ የውብዳር።

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዱ ሳቀ፣ ብዙው መሬት መሬቱን አየ። ተስማምተው ይሁን ፈርተውኝ አላውቅም፤ ግድም አልሰጠኝም።

ሲመሽ ምህረቱ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም፤ ሽሮዬንም አልቀመሰም፣ ቆሎ ብቻ ነው የበላው። ፊቱ ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ። ተኛ አላልኩትም። ያን ቃል ዳግመኛ ከአፌ አላወጣውም ብዬ ምያለሁ።

«ተራዬ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥሎ ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ አየ። ጋሽ ወልደተንሣኤ ካፖርታቸውን ደርበው፣ መጥረቢያቸውን ይዘው፣ ብርዱን እየተራገሙ ቆመዋል። «ከእሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ቶሎ በል፣ ተራዬ ሳይደርስ ትንሽ ጋደም ልበል» አሉት።

ምህረቱ ባትሪውን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ በእጁ ጨበጥ አደረጋቸው፣ ገባ።

በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ያን የደብረ ብርሃን ብርድ ይዞ እስከ አጥንቴ ይገባል። ተረጋግታችሁ ተኙ ያለንን ሰውዬ ረገምኩት፤ የት ሞቆት ተኝቶ ይሆን አሁን? ያን ሁሉ ሌሊት ባሌ እዚህ ብቻውን መቀመጡ ቁጭቱ አላስቀምጥ አለኝ። ስብሰለሰል ከውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከወለጋ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ምህረቱ ያንኮራፋል። አለቀስኩ፤ ግን ባትሪውን አላጠፋሁም።

ጠዋት እትዬ የውብዳር ሸራውን ገልጣ ራሷን አወጣች።

«ኧረ በሰለች! ያ የባልሽ ማንኮራፋት ምንድን ነው? መጠለያውን ሊነቅለው እኮ ነው! ዓይኔን ሳልከድን ነጋ!»

«ያንኮራፋ!» አልኳት። እጇን ሳብ አድርጌ ጋሽ ወልደተንሣኤ ሲነጋ የመለሱልኝን ባትሪ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ፣ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፍኳቸው። «እንቅልፍ ካጣሽ ጥሩ ነው። ዛሬ ማታ ተራው ያንቺ ነው።»