ለእንግዳ የተመረጡ ዓሦች

ኤፍራታ ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳር መመላለስ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። የዓሣ ባለሙያ ናት። ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ የኦጎልቾን ከተማ አልፋ ትወርድና ሠላሳ ቆሮሶ ዓሣ ተቀብላ፣ በመለኪያ ሰሌዳዋ ላይ እያጋደመች ርዝመታቸውን ትጽፋለች። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፤ ሃያ አራት ሴንቲ፣ ሃያ አምስት ሴንቲ። ዓሣው በደንብ እያደገ ነው ማለት ነው። አምና፣ ዓሣው በሚራባበት ወራት ማጥመድ ይከልከል ሲባል «አያስፈልግም» ብላ የጻፈችው ይህንኑ ተማምና ነው። ዘንድሮም ያንኑ ጽፋ ጨርሳለች፤ ረቡዕ በወረዳው ስብሰባ ላይ ታነበዋለች።

በዚህ ወር ግን መኪና ስለቀናት ሰኞ ደረሰች። ማንም አልጠበቃትም።

ከጀልባው የተራገፈው ዓሣ ከመዳፍ አይበልጥም። በዚያ ዳር ሲያጠምዱ ያረጁት አቶ ከዲሮ ሲያዩዋት ደነገጡ፤ ጆንያ አንስተው ክምሩን ሊሸፍኑ ሞከሩ።

«ጋሽ ከዲሮ፣ ትልልቆቹስ የት አሉ?»

«ነገ ነው የምትመጪው ብለን እኮ ነው! ያንቺዎቹን ውሃ ውስጥ በመረብ አስረን አቆይተንልሻል። ሠላሳ እስኪሞላ ሳምንት ፈጀብን።»

«የእኔዎቹን?»

«ከአሰላ ድረስ ለመጣ እንግዳ ይቺን ሰጥተን ልንዋረድ ነው እንዴ፣ ኢንታለ ኮ፣ ልጄ? ከመጀመሪያውም መርጠን ነው የምንሰጥሽ።»

ሽማግሌው አላታለሏትም፤ አክብረዋት ነው። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ትምህርት ተምራ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የለካችው ሐይቁን ሳይሆን የሰዎቹን ደግነት ነበር። አፈረች። ቁጭ ብላ ክምሩን አንድ በአንድ ለካች። አሥራ ሦስት። አሥራ ሁለት። አሥራ አራት። አንዷን ሆዷን ብትከፍታት እንቁላል ይዛለች። ትልልቆቹ ተጠምደው ሲያልቁ ትንንሾቹ ሳያድጉ እንቁላል ይይዛሉ፤ ይህን ኤፍራታ በደንብ ታውቃለች። እንባዋ መጣ።

ረቡዕ ዕለት በስብሰባው ላይ ቀድማ የጻፈችውን ሪፖርት አጣጥፋ ያዘችና ቆመች። «የሦስት ዓመት ልኬቴ ስህተት ነው። ዓሣው እያለቀ ነው፤ ሐይቁ ለአጥማጅ ይዘጋ» አለች።

«አምና ምን ብለሽን ነበር?» አላት አንዱ ተሰብሳቢ፤ ሰው ሁሉ አጉረመረመ። አቶ ከዲሮ ከኋላ ተነሡ።

«እኛ ነን መርጠን የሰጠናት። ልጅቷ ልክ ናት» አሉ። ሐይቁ ሲዘጋ ሥራ ፈትተው የሚቀመጡት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን እያወቁ ነው ይህን ያሉት።

ሐይቁ ለሦስት ወር እንዲዘጋ ተወሰነ።

ከአዳራሹ ሲወጡ አቶ ከዲሮ ቀስ ብለው ጎኗ ደረሱ።

«ሲከፈት እንግዲህ ያገኘነውን ነው የምንሰጥሽ?»

«አዎ፣ ያገኙትን ብቻ።»

«ባዶውን የወጣ መረብስ? እሱም ይጻፋል?»

«እሱማ ከሁሉ በፊት ነው የሚጻፈው፣ ጋሽ ከዲሮ።»

«አምና ሁለት ወር ሙሉ ባዶውን ነው የወጣብኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?»

«ዓሣውን ለክተሽ ትሄጃለሽ። እኔን መቼ ጠየቅሽኝ?»