የቀማሹ ኩባያ

«ወተቱ ነው የገደለው» አለች የሚጡ አክስት፣ አዲስ ለገቡት ለቀስተኞች ሻይ እያቀረበች። «ሌላ ምንም አይደለም። በገዛ እጁ፣ በገዛ ኩባያው።»

ሚጡ የብርጭቆ ትሪ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቀረች። አባቷ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ይህን ወሬ ግን የሦስት ዓመት ያህል ሰምታዋለች። አክስቷ በደገመችው ቁጥር አንድ ጭልፋ ትጨምርበታለች። መጀመሪያ ቀን የታመመች ላም ወተት ነበር። በማግስቱ ምቀኛ የሆነ ነገር ጠብ አድርጎበት ሆነ። ዛሬ ደግሞ ሟቹ «አቃጠለኝ!» ብሎ ጮኾ ነው የወደቀው።

«ማን ሰማው ‹አቃጠለኝ› ሲል?» አለች ሚጡ። «አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

«እሺ፣ ምን አለ ታዲያ?»

«‹ቆይ› ነው ያለው። ‹ቆይ› ብሎ ተቀመጠ።»

«ይኸውላችሁ!» አክስቷ ጭኗን መታች። «ሰው ምንም ሳያቃጥለው ‹ቆይ› ይላል?»

ከዚህች ሴት ጋር ተከራክሮ የረታ እስካሁን አልተወለደም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚጡም አፍ አላት፤ ቢያንስ አቻ ትወጣ ነበር። አሁን ግን ትሪውን እንደያዘች ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ኩባያው መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል። ነጭ የብረት ኩባያ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው፣ እጀታው አጠገብ ተልጧል። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልተጠቀመበትም። ሚጡ ከጎኑ ያለውን ስኳር ስታነሳ እንኳ ክንዷን ከሱ አርቃ ነው።

ኩባያውን ማጠብ የእሷ ሥራ ነበር። ሁልጊዜ ማታ በረኪና ባለበት ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጠዋት ሦስቴ ታለቀልቀዋለች። ያን ቀን ጠዋት ግን ስልክ ላይ ነበረች። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ ጓደኛዋ ስለገዛችው ጫማ ትስቅ ነበር። ሳቁን ታስታውሰዋለች። የጫማውን ቀለም ሳይቀር ታስታውሳለች። ኩባያውን ማለቅለቋን ግን አታስታውስም። እጄ አይረሳም ብላ እጇን ብትጠይቀው እጇም ዝም አላት።

ሐኪሙ «ልቡ ነው የቆመው» ብሎ አሰናብቷቸዋል። ሲሞት ልቡ የማይቆም ሰው ካለ ያሳየኝ፣ ብላ ነበር በሆዷ።

ሦስቱን ቀን በእግሯ ያቆማት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባቷ ምላስ።

ልጅ ሳለች አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር። መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው ዘጠኝ ቤቶች የላሞቻቸውን ወተት ያመጣሉ፤ ወተቱ እዚያው ሰፈር ይከፋፈላል፣ አራስ ያለችበት ቤት ሁልጊዜ ይቀድማል። ሥራው የተጀመረው የወተት ፋብሪካው ቦቴ እነዚህን ሰዎች «ለሁለት ላም ሞተር አናጠፋም» ብሎ ጥሏቸው የሄደ ጊዜ ነው። አባቷ ከየአንዳንዱ ጣሳ በኩባያው እየቀዳ ሳይጠጣ ለማንም አይሰጥም።

«ቦቴ ውስጥ የሺህ ላም ወተት ይገባል» ይላት ነበር። «ልጅ ቢታመም ማንን ትጠይቂያለሽ? ቦቴውን? እኔ የላሟን ፊት ሳላውቅ ለሰው ልጅ አላጠጣም።»

ከዚያ ኩባያውን ያነሳል፤ ከኩባያው ከንፈር በላይ የወተቱን ባለቤት እያየ ቀስ ብሎ ይጨልጣል። አንድ ቀን የልብስ ሰፊዋን ወተት ቀምሶ «ላምሽ ትናንት የማን ጎመን ውስጥ ገባች?» ብሏት፣ ሴትዮዋ ከእፍረቷ የተነሳ ሳምንት ሙሉ በዚያ በኩል አላለፈችም። እንዲህ ያለ ምላስ በረኪና ይስታል? ጠብታ ቢኖርበት ይተፋው ነበር። ሚጡ ይህን ሐሳብ እንደ ኪኒን በየሰዓቱ ትውጠዋለች። አልተፋውም። ስለዚህ አለቅልቄዋለሁ። አልተፋውም።

ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው ወኪል መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል። ሙሉ ካርቶን የታሸገ ወተት አሸክሞ ነው የገባው፤ ስድስት ወር ቢቀመጥ የማይበላሽ።

«ያጽናችሁ» አለ፣ ከእናቷ ጎን እየተቀመጠ። «ትልቅ ሰው ነው ያጣነው።»

«ያጣነው?» አለች እናቷ። «በቁሙ መች አገኛችሁትና?»

ወኪሉ ፈገግ ለማለት ሞክሮ ተወው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከነገ ጠዋት ጀምሮ ቦቴያችን መታጠፊያው ላይ ይቆማል። ማንም አይገደድም፣ እትዬ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ወተቱን ጥጃ ነው የጠጣው። ቀማሽ ከሌለ ሰዉ ምን ያድርግ? ደግሞም... የሚወራውን ሰምተዋል።»

«ቀማሽ የለም ያለህ ማነው?»

እናቷ ቀና ብላ ሚጡን አየቻት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ የእናቷን ዓይን ተከትሎ ሚጡን አያት። አክስቷ እንኳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥላ ዝም አለች፤ ይህ ደግሞ በዚህ ቤት ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም።

«የወተት ክፍሉ ነገ ጠዋት ይከፈታል» አለች እናቷ። «ልጄ ትቀምሳለች።»

ሚጡ «አልችልም» ልትል ነበር። ለቀስተኛው ግን ቀድሞ መረቃት።

በማግስቱ ማለዳ ዘጠኙም ቤቶች መጡ። ጣሳቸውን ግን መሬት ያስቀመጠ አልነበረም፤ ሁሉም እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ከመታጠፊያው የቦቴው ሞተር ጉርምርምታ ይሰማል። ያኔ ለሁለት ላም ሞተር አናጠፋም ያለው ዛሬ እስኪመጡለት ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ሚጡ ኩባያውን ከመደርደሪያው አውርዳ ሦስቴ አለቀለቀችው። አሸተተችው። ምንም አይሸትም። ወይም አፍንጫዋም ፈርቷል።

መጀመሪያ የቀረበችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሚጡ ቀዳች። ወተቱ ትኩስ ነው፤ የኩባያው ብረት በመዳፏ ውስጥ ሞቀ። ይሄው ነው አባቴ የጨበጠው፣ አለች ለራሷ፤ ከንፈሩን ያሳረፈውም እዚሁ ላይ ነው። ወኪሉ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፣ አክስቷ ከመስኮቱ ብቅ ብላለች። ዓይኗን ብትጨፍን ፍርሃቷ ይታወቃል። አልጨፈነችም። ከኩባያው በላይ ልብስ ሰፊዋን እያየች ጠጣች።

አልወደቀችም።

«ይለፍ» አለች። ድምፁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ቃሉ ግን የአባቷ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ጣሳዋን አስቀመጠች።

ሁለተኛው አናጢው ነው። ሚጡ ጠጣች፣ አየችው። አናጢው ጣራውን ማየት ጀመረ።

«ጋሼ።»

«አቤት ልጄ።»

«ይሄ ወተት ውሃ ጠጥቷል።»

«ምነው! ዝናብ ገብቶበት ይሆናል እንጂ...»

«ዝናቡ ሰፈሩን ሁሉ ትቶ የእርስዎ ጣሳ ውስጥ ብቻ ነው የወረደው?»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሰልፉን አዳረሰው፤ አናጢው ራሱ አንገቱን እያከከ ሳቀ። «ያው የአባቷ ልጅ ናት» እያለ ጣሳውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ወደ ቦቴው ግን አልሄደም። ሌሎች ሁለት ቤቶች ሹልክ ብለው ወደ መታጠፊያው ወረዱ። ስድስቱ ጣሳቸውን መሬት አስቀመጡ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ እናቷ የአራሷን ድርሻ እየቀዳች «እንዴት አወቅሽበት?» አለቻት።

«አላወቅሁም እማዬ። አፌ ምንም አልለየም፤ የቀመስኩት ፍርሃቴን ብቻ ነው። ዓይኑ ሲሸሸኝ ጊዜ ነው የገባኝ።»

እናቷ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ውስጥ ለቅሶም ነበረበት። «አባትሽ እኮ እንዲሁ ነበር። ያ ክፉ ጉንፋን የያዘው ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከዚያ ወዲህ ሽታም ጣዕምም አያውቅም። ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ምን?»

«አንድ ቀን ተሳስቼ ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመርኩበት። ‹እጅሽ ይባረክ› ብሎ ጨለጠው። ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎ አስማለኝ፤ ‹ዓይናቸውን እያየሁ ከጠጣሁ ማንም አይደፍርም› አለ። ደግሞም አልደፈሩም።»

«ምንም አይለይም ነበር? ምንም?»

«ምንም። ኮምጣጤ ብትሰጪው ወተት ነው ብሎ ይጠጣልሽ ነበር፣ የኔ ሞኝ!» እናቷ ዓይኗን ጠረገች። «አሁንማ እሱ የለ፣ መሐላውም አብሮት ሄደ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ደስ እንዲልሽ።»

የአራሷን ወተት ይዛ ወጣች። ቦቴው ከመታጠፊያው ተነስቶ ሲሄድ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ጠፋ።

ሚጡ ኩባያውን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች። ሞላችው፣ ደፋችው። ሞላችው፣ ደፋችው። ሞላችው፣ ደፋችው።

አክስቷ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ «ኧረ ጸድቷል አንቺ ልጅ!» አለቻት።

ሚጡ ኩባያውን ደግማ ቧንቧው ሥር ያዘችው።