እጅጌውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

እኔ ጨርቅ አልጥልም። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከእኔ ጋር አምስት ደቂቃ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ያረጀ ልብስ አፍርሶ አዲስ መሥራት መተዳደሪያዬ ነው፤ ስለ እሱ ማውራት ደግሞ ሱሴ። ለሰልጣኞቼ በየሳምንቱ እለፈልፋለሁ። የመጀመሪያ ሕጌን ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ፦ «ገልብጠህ ሳታይ መቀስ አታንሳ።» ከሥሩ ፊርማዬ አለ። አዎ፣ ፈርሜበታለሁ።

ከሰልጣኞቼ አንዷ የቀድሞ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት። መሥሪያ ቤቷ ሠራተኛ ሲቀንስ ሁለት ልጆች ይዛ ሜዳ ላይ ቀረች። ሾፌሮች ከጣሏቸው የደንብ ልብሶች አንድ ካፖርት ስትሠራ አራት ወር ከረመች። አንድ የልብስ ፋብሪካ በአሮጌ ጨርቅ መሥራት የሚችል ዲዛይነር ሊቀጥር ነው፤ ካፖርቱን ይዛ እንድትቀርብ ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ሌላ ተስፋ አልነበራትም።

በቀጠሮዋ ዋዜማ ጠዋት አንድ ጋዜጠኛ ሊቀርጸኝ መጣ። የመተኮሻውን ጠረጴዛ በራሴ ሥራዎችና በራሴ ፎቶዎች ሞላሁት። ልብስ የምትተኩስልን ታላቅ እህቴ ካውያዋን ይዛ እንደቆመች፣ «እኔስ የት ልተኩስ?» አለችኝ።

«ዛሬን እንኳ ተይኝ» አልኳት።

ትኬት ቆራጯ ካፖርቱን ልታስተኩስ አምጥታ ቦታ ስታጣ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ቁልፍ ልትገዛ ወጣች። በእኛ ቤት ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ሁሉ ቁርጥራጭ ነው፤ ማንም አንስቶ ይቆርጠዋል። ይህም የእኔ ሕግ ነው።

ካሜራው ሲበራ እኔም አብሬው በራሁ። «አሮጌ ልብስ በሁለት ደቂቃ እንዴት ነፍስ እንደሚዘራ ላሳይህ!» ብዬ እጄ የገባውን አነሳሁ። ከውጭ ሲያዩት ያው የነተበ የደንብ ልብስ ነው። ከትከሻው እስከ ክርኑ ሸረከትኩት። አልዋሽም፣ መቀሱ ሲሄድ ደስ ይል ነበር። ክርኑ ጋ ስደርስ አዲስ ገበር ብቅ አለ፤ በእጅ የተሰፋ፣ ስፌቱ ጥቃቅን።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግህ?» አለች እህቴ።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሥራው ግን የልጅ ነበር።

ትኬት ቆራጯ ስትመለስ እጅጌውን አየችውና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እኔ አፌን መዝጋት የማላውቀው፣ «ዲዛይን ነው እንላለን፤ አሁን እንዲህ ያለው ይወደዳል» አልኳት።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉልኝ።»

እሷና እህቴ ከሰዓቱን ሙሉ ሲሰፉ እኔ ክር ሳቀብል ዋልኩ።

በማግስቱ እኔም አብሬያት ሄድኩ። የፋብሪካው ኃላፊ ከዚህ በፊት ንግግር እንዳደርግ ሁለት ጊዜ የጋበዙኝ ሴትዮ ናቸው። ካፖርቱን ውጭውንም ውስጡንም አገላብጠው አዩት። እጅጌው ላይ የተጠገነው ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሥራው ያምራል። ግን ይህን የቆረጠ እጅ ለጨርቅ አይራራም። እንዲህ ያለ ሰው አምነን አንቀጥርም።»

ትኬት ቆራጯ አንገቷን ደፋች፤ እኔን አላሳጣችም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ብዬ አሰብኩ። ከመቀሱ ይልቅ እስካሁን የማፍርበት ይህን ማሰቤን ነው።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጋዜጠኛውን፣ ፎቶዎቼን፣ ፊርማዬን ሳይቀር። ሴትዮዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«በይ፣ ሰኞ ሥራ ጀምሪ» አሏት። ቀጥለው ገበሩን በጣታቸው እየዳበሱ፣ «ይህን የእጅ ስፌትስ ያስተማሩሽ እሳቸው ናቸው?» ብለው ጠየቋት።

እኔ ደረቴን ነፋሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

«አይ» አለች ትኬት ቆራጯ፤ «ታላቅ እህታቸው ናቸው። ጋሼ ትምህርት ሲሰጡ እኛ ከመተኮሻው ጀርባ ሆነን እንሰፋ ነበር።»

ቀናሁ። ከዚያ አፈርኩ። እህቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆማ ተኩሳለች፤ ምን ታውቂያለሽ ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።